የቀይዋ መኪና ኩባያ

ቸኮል ሰው አያምንም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ይህን ለማወቅ ጎረቤቱ መሆን አያስፈልግም፤ በግ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ማየት ይበቃል። የበጉን ጥርስ ያያል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ከዚያ ሻጩን ከበጉ አብልጦ ይመረምራል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለቀልድ ይለዋል። እሱ ግን ገንፎ ሲቀርብለት በእውነት ጎርጎር አድርጎ ነው የሚጀምረው።

ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ነድቷል። ከወገዳ ገብስና ስንዴ ጭኖ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ስኳርና ዘይት ጭኖ ወገዳ ሲመላለስ ኖሮ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ነው መሪውን የለቀቀው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጋቢናው ውስጥ የሚጠጣ ነገር ገብቶ አያውቅም። ውሃ እንኳ ቢጠማው መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ ነው የሚጠጣው። ምክንያት ነበረው። ደሴ የሚባል ጓደኛው፣ ሳቂታና ለጋስ ሾፌር፣ ወደ ወገዳ ሲወርድ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። አስከሬኑን ያወጣው ቸኮል ነው፤ ከመሪው ሥር የአረቄ ጠርሙስ አገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ ኩባያ ሲያይ የሚታየው አረቄ ነው።

አንዲት ልጅ አለችው፣ አዜብ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ልጁ ይርዳው ይባላል፤ የእስቴ ተወላጅ ነው፣ ባሕር ዳር ጋራዥ አለው። ሽማግሌዎቹን የመሩት ጡረታ የወጡት መምህር አስማረ ሲሆኑ፣ ከጎናቸው የቆሙት ደግሞ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ የራሱ የቸኮል የንስሐ አባት ናቸው። ቸኮል ይህችን ወዲያው ነቃባት። የንስሐ አባቱን እምቢ ማለት እንደሚከብደው አውቀው ነው ያመጧቸው! እንደ ወጉ «ከዘመድ ልምከር» ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። የሚመክረው ዘመድ እንኳ አልነበረውም፤ ጊዜውን የፈለገው ይርዳውን ሊመረምርበት ነው።

ማታውኑ አዜብ ቁርጡን ነገረችው። ከዚህ በፊት ሁለት ጠያቂ መልሶባታል፤ አንዱን ጫማው ከደመወዙ ይበልጣል ብሎ፣ ሌላውን ብዙ ይስቃል ብሎ። አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው።

«አባዬ፣ እርስዎ እምቢ ካሉ አላገባውም» አለችው። «ግን እምቢ ያሉበትን ምክንያት ሽማግሌዎቹ ፊት ይንገሩኝ። ምንም ይሁን ምን፣ እውነቱን ይሁን።»

በቀጠሮው መካከል፣ ዓርብ ዕለት፣ ቸኮል ለጉልበቱ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረበት። ይርዳው «እኔ ላድርስዎ» ብሎ ደጅ ላይ ቆመ። ይዟት የመጣው መኪና ሠፈሩን ሁሉ ከቤት አስወጣች። ቀይ ናት፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ከሰው ወገብ ብዙም አይዘል። ተጋጭታ የተጣለችውን በርካሽ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ጠግኖ ለሙሽሮች ያከራያታል። ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት አሉ። በዚያ ኮረኮንች ፒስታ መንገድ ላይ ከማን ጋር እንደምትሽቀዳደም እግዜር ይወቅ፤ ከአህያ ጋር ካልሆነ! ቸኮል ጉልበቱን በሁለት እጁ አጥፎ፣ ጉድጓድ እንደሚገባ ሰው ቁልቁል ወርዶ ተቀመጠ።

ከዚያ አየው። በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ከማርሹ ኋላ፣ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ባዶ ነው። በሌላው ክዳን ያለው የብረት ኩባያ ተሰክቷል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የኩባያ ማስቀመጫ ነው፣ አባባ። ሲሠራም አብሮ የተሠራ ነው።»

«መኪና ምን ትጠጣለች?»

«ለሾፌሩ ነዋ» አለ ይርዳው ፈገግ ብሎ።

ለሾፌሩ! ከዚያ በኋላ የቸኮል ዓይን ከኩባያው አልተነሳም። ይርዳው ማርሹን ወደ ኋላ በጎተተ ቁጥር ክርኑ ኩባያውን ይነካዋል፤ ሁለተኛ ሲያስገባ ይነካዋል፣ አራተኛ ሲያስገባ ይነካዋል። ኩባያውን ላንሳ ቢል ደግሞ ክንዱን ወደ ኋላ መቆልመም አለበት። ይህን የፈለሰፈ መሐንዲስ ወይ ሻይ አይጠጣም፣ ወይ መኪና አይነዳም። ለሩጫ በተሠራ መኪና ውስጥ ኩባያ ማስቀመጥ ፈረስ ጉግስ ለሚጫወት ሰው ጠላ እንደ መቅዳት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይወድ አመነ። መኪናዋ እንደዚያ ስትንገጫገጭ ማስቀመጫው ኩባያውን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ቀኑ ዓርብ ነው። ቸኮል ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስ። ታዲያ ይህ ልጅ በጾም ቀን ኩባያ ይዞ የሚዞረው ምን ሊያደርግበት ነው? ወተት ያለበት ማኪያቶ ከሆነ ጾም የለውም ማለት ነው። አረቄ ከሆነ ደግሞ አዜብን አንድ ቀን ገደል ይዟት ይገባል። ማኪያቶም ሆነ አረቄ ለቸኮል ለውጥ የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ፊት የሚናገረው እውነተኛ ምክንያት አገኘ። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ራሱን ትንሽ ቢያሳፍረውም ደስ አለው።

አምስት ሰዓት ገደማ ጎርፍ ድንጋይ ያወረደበት ቦታ ደረሱ። የመኪናዋ ሆድ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረው። ይርዳው «አንድ አፍታ» ብሎ ወርዶ ድንጋዮቹን በእጁ ያነሳ ጀመር። ጀርባውን ሰጥቷል። ቸኮል ግራ ቀኝ ተገላምጦ ኩባያውን ከማስቀመጫው ነቀለ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ ያሸተተ አፍንጫ ምን ይለያል! ወደ ውስጥ አጮለቀ፤ ጠቆር ያለ ነገር ነው። ከዚያ እጁ ከሐሳቡ ቀደመና ተጎነጨ። ለማረጋገጥ ደገመ።

ተልባ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በማር የተበጠበጠ ወፍራም የጾም ተልባ።

ክዳኑን መልሶ ሲገጥም ነው ያደረገው ነገር የገባው። ዓርብ፣ ገና በአምስት ሰዓት፣ የሰው ኩባያ ከፍቶ ጾሙን ገደፈ! የሌላውን ጾም ሊመረምር ሄዶ የራሱን ዋጠ።

ይርዳው እጁን እያራገፈ ገባ። መሪውን ይዞ ወደ ቸኮል ዞር ሲል ዓይኑ ከአፍንጫው በታች አርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ሰጠው።

«አባባ፣ ሪዝዎን አቧራ ነክቶታል።»

ቸኮል ጠረገ። ሶፍቱ ላይ የቀረው አቧራ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ይርዳው ሞተሩን አስነስቶ ስለ ዘንድሮ ገብስ ማውራት ጀመረ።

ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ ሞላ። ይርዳው ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ አቀበለው። «እናቴ ለእርስዎ ብላ የበጠበጠችው ነው። ሰዓቱ ደርሷል፣ ይቅመሱ።»

«አልጠማኝም» አለ ቸኮል።

ታላቅ ሰው ሳይጠጣ አይጠጣምና ይርዳውም ሳይከፍት ወደ ቦታው መለሰው።

ቀጥሎ የመጡት ቀኖች ለቸኮል እሾህ ሆኑበት። ተልባን አቧራ ያለ ሰው ነገ ጥቁሩን ነጭ ከማለት ምን ያግደዋል? ለምን ዝም አለ? ደግ ሆኖ ነው? የለም፤ ደግነት እንደዚያ በነጻ አይታደልም። ይህችን ነውር ይዞ ሊያቆያት ነው። ለሠርጉ ቀን፣ ለክርስትናው ቀን፣ አንድ ነገር ሲፈልግ ሊመዛት ነው። አዜብ ስልክ ስታወራ በር ተደግፎ ያዳምጣል፤ እራት ስታቀርብ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ይፈልጋል። ምንም የለም። አልነገራትም። ይህ ደግሞ ይብስ አስፈራው። ቄስ ገብረ ሕይወትን እንኳ በሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። በመጨረሻ ቆረጠ፤ የይርዳውን ዓይን ዳግመኛ የማያይበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እምቢ ማለት።

በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ «ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አዜብ የጓዳውን በር ይዛ ታዳምጣለች።

«ልጃችሁ እየነዳ የሚጠጣ ነው» አለ ቸኮል። «ክዳን ያለው ኩባያ ከጎኑ አይለይም። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን ገደል አልሰድም።»

መምህር አስማረ ክው አሉ። «ይርዳው? እየነዳ?»

ቄስ ገብረ ሕይወት ግን መስቀላቸውን እንደያዙ ዓይን ዓይኑን አዩት። «ቸኮል ልጄ፣ ኩባያው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?»

አረቄ ለማለት አፉን ከፈተ። መስቀሉን አየ።

«ተልባ» አለ።

«ክዳን ያለው ኩባያ ነው ብለሃል። ተልባ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ቀምሼ።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

«በስንት ሰዓት?»

ቸኮል መሬት መሬት አየ። «በአምስት።»

መምህር አስማረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእኛ እንኳ የተነገረን ሌላ ነው» አሉ። «ኩባያው ጎድሎ ሲመለስ እናቱ ‹ማን ቀመሰው? የልጅቷ አባት ቀምሰው ከተዉትማ ንቀውኝ ነው› ብላ ልትቀየም ስትል፣ ይርዳው ‹የዚህች መኪና ማስቀመጫ አይረባም፣ መንገድ ላይ ተደፋብኝ› አላት። ይኸው እስከ ዛሬ መኪናዋን ትራገማለች።»

ቸኮል ቀና አለ። የዕድሜ ልክ ልማድ በአንዴ አይለቅም። «ኧረ አልተደፋም! አንዲት ጠብታ አልወጣችም፤ ማስቀመጫው ጥርቅም አድርጎ ነው የሚይዘው። እንግዲያው ልጁ ውሸታም ነው ማለት ነው!»

ማንም አልሳቀም። አዜብ ከጓዳው በር ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«አዎ፣ ዋሽቷል» አለች። «እሱ የዋሸው እርስዎን ሊሸፍን ነው። እርስዎ ግን አሁን በእሱ ላይ ሲዋሹ በጆሮዬ ሰማሁ። እውነቱን ይንገሩኝ ብዬ ለምኜዎት ነበር።»

ቸኮል አፈረ። ዙሪያውን አየ፤ ቤቱን፣ የእሷን ነጭ ጋውን የተሰቀለበትን ምስማር፣ የቆሙትን ሽማግሌዎች።

«እውነቱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እውነቱማ... ልጁ ምንም የለበትም። የፊተኞቹም የለባቸውም ነበር። አንቺ ከሄድሽ እዚህ ቤት ብቻዬን መቅረቴ ነው። ይህን ፈርቼ ነው።»

አዜብ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ፣ አሁን ቃሉን ለሰሙት ሽማግሌዎች ወንበር ታቀርብ ጀመር።