ሽማግሌ ይዛ የሞተችው ፒክአፕ

ባለፈው እሁድ... ሦስት ሽማግሌ ጭኜ ከቢቸና ወደ ሞጣ እየነዳሁ ነበር።

ጓደኛዬ ይበልጣል ሞጣ የምትሠራ ነርስ ወደደ፣ እሷም ወደደችው፣ የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነበር። አግቢው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ፒክአፑን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ቢቸና ቀረ።

ፒክአፗ ደህና ነበረች። ዳገቱን ቀስ ብላ እያዘገመች፣ ሳትታመም ዓመታት አገልግላዋለች። ይበልጣል ግን አንድ ቀን ስልኩ ላይ ቪዲዮ አየና አዲስ አበባ ወስዶ «ሪማፕ» አስደረጋት። ላፕቶፕ ይሰኩና የሞተሩን ኮምፒውተር ፋብሪካው ከሰጠው ልክ በላይ እንዲሠራ ያዙታል... ነዳጁም ይጨምራል፣ ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋው የቱርቦ ግፊትም ይጨምራል። የሠራለት ልጅ «ዘይት ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ ዳገት ላይ አታስጨንቃት፣ አለበለዚያ ዕድሜዋ ያጥራል» ብሎታል። እሱ የሰማው «ጉልበት ይጨምራል» የሚለውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በረረች። እውነቱን ልናገር፣ ቀንቼበት ነበር። ከዚያ ዘይት መጠጣት ጀመረች፣ ጭሷ ጠቆረ፣ ዳገት ባየች ቁጥር ትግላለች። «ኧረ ወደ ድሮው አስመልሳት» ስንለው ይስቅብናል። እሁድ ጠዋት ቁልፉን ሲሰጠኝ ያለኝን ስሙልኝ...

«ዳገቱ ላይ አንዴ ርገጣት። ሽማግሌዎቹ ጉልበቷን ይዩ።»

ረገጥኳታ! ግንደወይን ሳንደርስ አንድ ዳገት ላይ ነዳጁን ረገጥኩ። መጀመሪያ ፉጨት... ከዚያ ብረት ከብረት ሲፋጭ... ከዚያ ከኋላችን መንገዱን የሸፈነ ጭስ። ቀጥ አለች። ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት ዘይቷ ውጭ ነው።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ መሪጌታ እንዳላማው ናቸው፣ የቅኔ መምህር። ወርደው ጭሱን አዩና «ልጄ፣ ይህችን መኪና ምን አገኛት?» አሉኝ። የሪማፑን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ጭሱን ደግመው አዩት። አተያያቸው አላማረኝም።

በመጨረሻ በግ የጫነ መኪና አዘነልንና በጎቹ መሀል ወጣን። ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ልጅ ሊጠይቁ የተነሱ ሽማግሌዎች ሞጣ ሲደርሱ የጋቢያቸውን ቀለም አትጠይቁኝ። የይበልጣል አጎት ጋሽ ወርቁ መንገድ ላይ «ጎማ ፈነዳብን እንበል» ብለው መክረውናል። መሪጌታ ከጋቢያቸው ላይ የበግ ፀጉር ይለቅማሉ።

ቤት ስንደርስ የልጅቷ ዘመዶች ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስበው ይጠብቁናል። አባትየው «ተቀመጡ እንጂ!» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ደንቡ። ጥያቄው ቀረበ። አባትየው ከላይ እስከ ታች አዩንና «መልካም... ለመሆኑ ልጁ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አሉ።

እዚህ ላይ ሽማግሌ ያመሰግናል፤ ሥራው ነው። ሰካራሙን «ተጫዋች ነው» ይላል፣ ሰነፉን «ጭምት ነው» ይላል።

«አይዋሽም፣ አይሰክርም፣ እጁም ንጹሕ ነው» አሉ መሪጌታ። ጋሽ ወርቁ ፈገግ አሉ።

«ነገር ግን ልክ አያውቅም። ሠሪዋ ይህን ያህል ትችላለች ብሎ ልክ የሰጣትን መኪና ‹ለምን አትበርም› ብሎ አስነካት። በረረችለት... ለጥቂት ወራት። ስትታመም አላስታመማትም። ዛሬ ሜዳ ላይ ጥላን ሞተች፣ እኛም ከበግ ጋር መጣን። ልጅዎን ለምኜ ወስጄ፣ ከርሞ እንዲህ ሆና ብትመለስብዎ በምን ዓይኔ አይዎታለሁ? የእኔ ልጅ ብትሆን አልሰጥም።»

ጋሽ ወርቁ የመሪጌታን ጋቢ ጫፍ ቢጎትቱ ቢጎትቱ... የት ሊሰሙ! ልጅ ሊጠይቁ የተላኩት ሽማግሌ ራሳቸው ልጅ አስከለከሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባትየው «እንግዲህ ጉዳያችሁ ተሰማ። አሁን ተቀመጡና ምሳ ብሉ» አሉ። በላን። ምን እናድርግ... ዶሮው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።

ልጅቷ እጅ ስታስታጥበኝ ዓይኗ ቀልቷል። «ደውልለት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዛሬውኑ ራሱ መጥቶ አባቴ ፊት ይቁም። አባቴን እኔ አለዝበዋለሁ።»

ወጥቼ ደወልኩ። መሪጌታ ያሉትንም፣ እሷ ያለችውንም ነገርኩት።

«ሞተሩ ነው ቱርቦው?» አለኝ።

«ይበልጣል፣ ልጅቷ ልታመልጥህ ነው! ዛሬ ካልመጣህ አለቀ።»

«መጣሁ፣ መጣሁ... የት ጋ ነው ያቆምካት?»

መጣ። አልዋሸም። እኔም ሽማግሌዎቹን ሞጣ ትቼ መንገድ ላይ ልቀበለው ወደ ፒክአፗ ተመልሼ ነበር። ለአባቷ ብሎ ሙሉ ሱፍ ለብሷል፣ የመጣው ግን በጎታች መኪና ነው፣ መካኒክ አስከትሎ። ሰላም ሳይለኝ በሱፉ መኪናዋ ሥር ገባ።

«ልጅቷ በር በሩን እያየች ነው፣ እንሂድ» አልኩት።

«ኧረ ሜዳ ላይ ጥያት ልሂድ? ዕቃዋን ፈታተው ይወስዱብኛል!»

«እኔ እጠብቃታለሁ፣ እዚሁ አድራለሁ።»

አላመነኝም። «አድርሻት እመለሳለሁ» ብሎ የተጎታቿን መሪ ራሱ ያዘ። ጎታቹ ወደ ቢቸና አዞረ። ለልጅቷ ደውዬ ምን እንደምላት ጨነቀኝ፣ እዚያው ቆሜ በጣም አዘንኩላት።

አልተመለሰም። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ዋለ። ከዚያ ማክሰኞ ስልኬ ጠራ...

«ስማ... ለመሆኑ ልጅቷ ምን አለች?»

ማክሰኞ እኮ ነው ጎበዝ... ማክሰኞ!