ክር ፍለጋ ከመቱ እስከ ባሮ ዳር

ማክሰኞ፣ ከመቱ ወደ ጎሬ

ከመቱ የተነሣሁት ማክሰኞ ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የሄድኩበት ጉዳይ ክር ለመግዛት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ለክር ብሎ አምስት ቀን ፈቃድ የጠየቀ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። አለቃዬም ሳቁ። ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ምክንያቱን ስነግራቸው ሳቃቸውን ትተው ፈረሙልኝ።

ምክንያቱ እህቴ ናት። እትዬ ብርቅነሽ እናታችን ከሞተች ወዲህ ቀሚስ እየጠለፈች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ከጥር ጀምሮ ወባ እየደጋገመ ጣላትና ሁዳዴ ሲገባ ከአልጋ መነሣት አቃታት። የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ አያትና «ወባው ለቋታል፤ አሁን የሚገድላት ባዶ ሆዷ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ስጧት» አለን። እሷ ግን ጾም አልፈታም አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው በሽተኛ እንደማይገደድ ቢነግሯት እንኳ «እርስዎ ቢፈቱኝ እኔ ራሴን አልፈታም፣ አባቴ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በስንት ልመና አንድ ነገር ፈቀደች፤ ዓሣ። እሱም ቅርፊት ያለው ከሆነ ብቻ ነው፤ በኦሪት ሕግ ቅርፊት የሌለው አይበላም ብላ ታምናለች።

በመቱ ገበያ ዓሣ የሚሸጥ የለም። የሶር ወንዝ ግን በቅርባችን ይፈሳል፤ ባለ ቅርፊት ዓሣም ሞልቶበታል። ማጥመጃም አለኝ። አንድ ክፍል ተከራይቶኝ የነበረ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ዘንግና ከዘንጉ ሥር የሚታሰር ክር ማጠንጠኛ ማሽን ትቶልኝ ሄዷል። እጀታውን ሲያዞሩት አንዲት ሽቦ እየዞረች ክሩን ትጠቀልላለች፤ ሽቦዋን ከፍቶ ዘንጉን የወነጨፈ ደግሞ መንጠቆውን ከወንዙ መሐል ይጥላል። ችግሩ ክሩ ነበር። ስንት ዓመት በመስኮት ፀሐይ ሲጠበስ የኖረው የፈረንጁ ናይለን የመጀመሪያው ዓሣ ሲነካው እንደ ደረቅ ገለባ ተቆረጠ። ቀጥዬ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ የልብስ ሰፊ ክር አራት አድርጌ ገመድኩ። ድሩ አብሮ ነበር፤ ግን ውኃ ጠጣና አበጠ፣ ተወታተበ፣ ተበጠሰ። አንበሳ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር አላውቅም።

ስለዚህ ማሽኑን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ፣ እህቴን ለጎረቤታችን አደራ ብዬ፣ ቡና በጫነች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እስከ ጎሬ አንድ ብር ከፈልኩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ግራ ቀኙ ጫካ ስለሆነ ፀሐይ የምትታየው አልፎ አልፎ ነው። ሾፌሩ ጋሼ ደምሴ ሲባሉ ዕድሜያቸው አምሳን ያለፈ፣ ሲነዱ የሚያንጎራጉሩ ሰው ናቸው።

«ክር ነው የምትገዛው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለክር ከሆነ ጎሬ ሐጂ አብዱረህማን ዘንድ ሂድ። እሳቸው የሌላቸው ነገር ሞት ብቻ ነው።»

ሦስት ሰዓት ላይ ጎሬ ገባን። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ እንደመሆኑ ሰዉ የሚራመደው እንኳ ጉዳይ እንዳለው ሰው ነው። ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ናይለን አላቸው፤ በክንድ ነው የሚሸጡት። ቀጭንም ወፍራምም አወጡልኝ።

«የትኛው ይሻላል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ዓሣ አላውቅም፤ ሚዛን ግን አውቃለሁ» አሉና የቡና ሚዛናቸውን ባለ አምስት ኪሎ ድንጋይ በቀጭኑ አንጠለጠሉት። ጥቂት ቆይቶ ተበጠሰ። በወፍራሙ ሁለት ድንጋይ አንጠለጠሉ፤ ንቅንቅ አላለም። «አየህ? አደራ የሚጣለው በወፍራም ነው።»

እኔም የፍርድ ቤት ሰው ነኝና ማስረጃው አሳመነኝ። ከወፍራሙ ሰባ ክንድ ገዛሁ። ከአንድ ጥቅል ሰባ ክንድ ስላልተገኘ ሐጂ ሦስት ቁራጭ እርስ በርሱ ቋጥረው ሰጡኝ። ማሽኑ ላይ ጠቅልዬ ከገበያው ጀርባ ካለው ሜዳ ወጣሁና በመንጠቆው ቦታ ድንጋይ አስሬ ወነጨፍኩ። ክሩ ከማጠንጠኛው እንደ ሽቦ ጥቅልል እየዘለለ ወጣና ተወታተበ፤ ቋጠሮውም ከዘንጉ ቀለበት ላይ ተሰነቀረ። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ወደቀ። አህያ እየነዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩኝና በኦሮምኛ «ልጄ፣ ቁርጡሚ ሜዳ ላይ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። ቁርጡሚ ዓሣ ማለት ነው። ድንጋዩን ፈትቼ ጣልኩ።

ሱቅ ስመለስ ሐጂ አፈሩ። ወፍራሙን መልሰው ገንዘቤን ሰጡኝ፤ ሁሉም ነጋዴ ይህን አያደርግም። «ይህን ናይለን ያመጣሁት ከጋምቤላ ነው። እዚያ ኦኬሎ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ወደቡ ላይ ከሚሠሩ እንግሊዞች ጋር ሲያጠምድ የኖረ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚያውቅ እሱ ነው» አሉኝ። የእህቴ ነገር እያሳሰበኝ፣ መመለስ ወይም መቀጠል ብዬ አሰብኩ። ባዶ እጄን መመለስ ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ በቡሬ በኩል ቁልቁል

ጋሼ ደምሴ ወደ ጋምቤላ ጨው ሊያመጡ ይወርዱ ስለነበር ዕድለኛ ነበርኩ። ረፋድ ላይ ቡሬ ቆምን። አንዲት ባለ ምግብ ቤት፣ እትዬ አስካለ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣና ሽሮ አቀረቡልን፤ ለሁለታችን ሽልንግ ነው የከፈልነው። ፎጣው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው።

«ለዓሣ ቆላ ድረስ?» አሉና ሽሮውን እየጨመሩልኝ «ለእህት ከሆነ ደግ አደረግህ። የኔ ወንድም ጎሬ ሆኖ አንድ ቀን አልመጣም» አሉኝ። ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልኝ፤ ዋጋውን ብጠይቃቸው ተቆጡ።

ከቡሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ጋሼ ደምሴ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ፤ ይህ የመንገዱን ክፋት ከማንኛውም ምልክት የበለጠ ነገረኝ። በየመታጠፊያው ኮት፣ ሹራብ፣ ክራቫት አወለቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋምቤላ ስንደርስ ከጸሐፊነቴ የቀረኝ እስክርቢቶዬ ብቻ ነበር።

ሐሙስ፣ ባሮ ዳር

ኦኬሎን ከማንጎ ዛፎች ሥር መረብ ሲጠግን አገኘሁት። ረጅም፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እኔ አኝዋክኛ አልችል፣ እሱ አማርኛው አጭር፣ ሁለታችንም የምንችለው ኦሮምኛ ነበርና በዚያ ተግባባን። ማሽኔን ተቀብሎ እጀታውን አዞረ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ፈገግ አለ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው። የታመመው ክሩ ነው» አለኝ።

ከአንድ ግሪክ ሱቅ ወሰደኝ። መስታወቱ ላይ የተደረደረውን ናይለን አልነካም፤ ፀሐይ በልቶታል አለ። ከመሳቢያ የወጣውን ብቻ ነው ያየው። ከየጥቅሉ ጫፍ ጫፉን በጣቱ ላይ አሥር ጊዜ ጠቅልሎ ይለቀዋል። ተጠቅልሎ የሚቀረውን ይተዋል፤ ተፍታቶ የሚንጠለጠለውን ያስቀራል። ከዚያ በሁለት ጥፍሩ መሐል ያሳልፈዋል፤ የሚሻክር ካለ ይተዋል። በመጨረሻ የመረጠው ከሁሉም ቀጭኑን ነበር። ከፈረስ ጭራ ፀጉር ብዙም አይወፍርም። ዋጋው ሦስት ብር፣ ከወፍራሙ ይበልጣል።

«ይህ አምስት ኪሎ እንኳ አይሸከምም!» አልኩት።

«ዓሣው ድንጋይ ነው?» አለኝና ከማጠንጠኛው አናት ያለችውን ብሎን አሳየኝ። የፈረንጅ ጌጥ ትመስለኝ የነበረችውን ይህችን ብሎን አላላት፤ ክሩን ሲስበው ማሽኑ እያንጣጣ ክር ለቀቀ። «ዓሣው ሲጎትት አንተ ትለቅለታለህ። ሲደክመው ትጠቀልላለህ። የሚለቅ ማሽን ወፍራም ክር አይፈልግም።»

ወንዝ ዳር ሄድን። ጥቅሉን እስክርቢቶዬ ላይ ሰክቼ ያዝኩለትና ክሩን በእርጥብ ጨርቅ መሐል እያሳለፈ፣ ሳይቆርጥ፣ ሳይቀጥል፣ እስከ ማጠንጠኛው ከንፈር ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ሞላው። ከዚያ መንጠቆውን አሰረ። ቋጠሮውን ከማጥበቁ በፊት ወደ አፉ አስጠግቶ ምራቁን እንትፍ አለበት። ከዚያ ቀስ አድርጎ ሳበው። ወነጨፈው፤ ክሩ ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ከባሮ መሐል ወደቀ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ትልቅ አምባዛ አወጣና ውሰድ አለኝ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ምክንያቱን ነግሬው ተውኩት። ገበያው ላይ ደረቅ ዓሣም ነበር፤ ግን ቆዳው ተገፍፏል፤ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው ማን ይመሰክራል? ትኩሱ ደግሞ በዚያ ሙቀት መቱ አይደርስም።

አሁን የማፍርበትን ልጻፍ። ያ እንትፍታ አልወደድኩትም። በእኛ አገር ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ ይመርቃል፤ እኔም ኦኬሎ መንጠቆውን በወገኖቹ ልማድ የመረቀው መሰለኝ። እሱን አልጠየቅኩትም፤ እሱም ያልተጠየቀውን አልነገረኝም። እትዬ ብርቅነሽ ለጾሟ ሞትን የመረጠች ሰው ናት፤ የማላውቀው ምርቃት ያረፈበትን ዓሣ አላበላትም ብዬ ቆረጥኩ። ከሰዓት መኪናው ሽቅብ ሲነሣ ቋጠሮውን በምላጭ ቆርጬ ጣልኩና መንጠቆውን ራሴ፣ እሱ እንዳሰረው አድርጌ፣ ደረቁን አጥብቄ ሳብኩት። ጥሩ አድርጌ እንዳሰርኩም ለራሴ ነገርኩ።

ዓርብ፣ ሶር

ቡሬ አድረን ዓርብ ቀትር ላይ መቱ ገባሁ። እህቴ ከተውኳት አንሳ ጠበቀችኝ። ስታየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን ደርቆ ነበር። ጎረቤታችን ከቤት ውጭ ጠርታ «ከትናንት ወዲህ ከውኃ በቀር አልቀመሰችም» አለችኝ። ፈራሁ። ቁርስም ምሳም ሳልል ወደ ሶር ወረድኩ።

ክሩ እንደ ባሮ ሁሉ በሶርም ታዘዘልኝ። በሦስተኛው ውርወራ ከበድ ያለ ነገር ያዘ። ማሽኑ ተንጣጣ፤ ለቀቅሁለት፣ ጠቀለልኩ፣ ለቀቅሁለት። ወርቃማ ጎኑና ሰፋፊ ቅርፊቱ ሁለት ክንድ ሲቀረኝ ታየኝ። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ጅራቱን መታና ሁሉም ነገር ላላ። የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩና ሌላ መንጠቆ አሰርኩ፤ እስኪጨልም ድረስ ግን ሌላ አልነካልኝም። ሐጂንም ኦኬሎንም ግሪኩንም ረግሜ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እትዬ ብርቅነሽ አይታኝ ገባት። «የተበጠሰውን አምጣው» አለች። የክሩን ጫፍ በጣቶቿ ዳሰሰችው፤ ጫፉ ተጠቅልሎ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ይኸ አልተበጠሰም፤ ተቃጥሏል። ቋጠሮውን ደረቁን ነው የሳብከው?»

«አዎ።»

«ሐር ክር ደረቁን ከሳቡት ራሱን ይበላል። ስጠልፍ አፌ ውስጥ ሳላርሰው ቋጥሬ አይተኸኝ ታውቃለህ? አብረኸኝ ኖረህ!» አለችና መንጠቆውን ተቀብላ እንዳዲስ ቋጠረችው። ምራቅ አልነበራትም። ከኩባያው ውኃ ተጎነጨችና ከቋጠሮው ላይ እንትፍ አለችበት። ከዚያ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ልክ እንደ ኦኬሎ።

 መንጠቆውን ከእጇ ተቀብዬ ዘንጉን ለጎህ አዘጋጀሁ።

ቅዳሜ፣ ቤት

ጎህ ሲቀድ ሶር ዳር ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ክንድ የሚያህል ባለ ቅርፊት ዓሣ ይዤ ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን በሽንኩርትና በኑግ ዘይት እስክትሠራው ደጃፍ ተቀምጬ የተማርኩትን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ላለ ማሽን ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ፀሐይ ያላየ፣ ያልተቀጠለ ክር ይመረጥ። ማጠንጠኛው እስከ ከንፈሩ ጥቂት ሲቀረው ይሞላ። ቋጠሮ ርሶ ይሳብ። የማያውቁትን ሲያዩ በልብ ከመፍረድ በአፍ መጠየቅ ይቅደም፤ ይህ የመጨረሻው ለጸሐፊዎች ነው።

ዓሣው ቀረበ። መጀመሪያ መረቁን፣ ከዚያ ሥጋውን ጎረሰች። እኔ አላስችል አለኝና የኦኬሎን ቋጠሮ ለምን እንደቆረጥኩት ነገርኳት። ማኘኳን አቆመች።

«ስትቆርጠው አይቶሃል?»

«አላየኝም።»

«ተመስገን» አለች። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል «ለፋሲካ ጠጅ ያስቀመጥኩትን ማር በጋሼ ደምሴ ላክለት። ሙሉውን እንስራ። የሠራኸውንም ይንገሩት፤ ሳትደብቅ» አለችኝ።

«ጠጁስ?»

 ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች፤ የዓሣውን ጎን በጣቷ ፈልፍላ፣ አጥንቱን መጥምጣ፣ ከሳህኑ ዳር በተርታ ደረደረችው። ሲያልቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«ነገስ ሶር ትወርዳለህ?» አለች።