የሀዲያ በላሊት

ሀዲያ ሻርጃ ሰው ቤት ተቀጥራ እያለች ጁምዓ በመጣ ቁጥር በላሊት ትሠራ ነበር። በላሊት እኛ ፊደሊኒ የምንላት ያቺ እንደ ፀጉር የቀጠነች ፓስታ ናት። ዐረቦቹ በስኳርና በሄል ያጣፍጧትና ላይዋ ላይ የተጠበሰ እንቁላል ይደርቡባታል። ቁርሳቸው ነው።

መጀመሪያ ስታያት "ፓስታ ደግሞ በስኳር? ያረቢ!" ብላ ሳቀች። የምታስታምማቸው አሮጊት፣ ሀጃ የሚሏቸው፣ "ነይ ቁጭ በይ" ብለው ከራሳቸው ሳህን አካፈሏት። ከዚያ ወዲህ ያለ በላሊት ጁምዓ ጁምዓ አይመስላትም። በሌላው ቀን ማዳሟ ስትጮኽባት፣ ወገቧ ሲቆረጥ ነው የሚውለው። ጁምዓ ጠዋት ግን ማዳሟ ሳትነሳ፣ ሀዲያና ሀጃ ማድ ቤት ቁጭ ብለው እየተሳሳቁ ይበላሉ።

አንድ ጁምዓ ፎቶ ተነሳች። ሳህኑን አቅፋ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ እየሳቀች። መካነ ሰላም ላለው ታላቅ ወንድሟ ለጀብሪል በኢሞ ላከችለትና "ለአባየ አሳየው፣ ልጅህ ፓስታ በስኳር እየበላች ነው በለው" አለችው። ጀብሪል ቆይቶ መለሰ።

"ብዪ እህቴ። አባየም አይቶ ሳቀ።"

ይቺን ቃል እንዴት እንደወደደቻት! አባቷ አሕመድኑር ከወረኢሉ በግ እየነዳ የሚነግድ፣ ፊቱን የማይፈታ ሰው ነበር። እሱን ማሳቅ ትልቅ ነገር ነው። በየጁምዓው ፎቶ መላክ ጀመረች። "አባየን አገናኘኝ" ስትል ግን ጀብሪል አንዴ "ገበያ ወርዷል" ይላታል፣ አንዴ "ጉሮሮውን አሞት ድምፁ ተዘግቷል" ይላታል፣ አንዴ ኔትወርኩን ይሰድባል።

ውሏ አልቆ ስትመጣ ጀብሪል መናኸሪያ ጠበቃት። ወደ ቤት አልወሰዳትም፤ ወደ አክስታቸው ወደ ሀምዱ ቤት ወሰዳት። "ምሳ ሠርታልሽ ነው" አላት። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። አንድም የሳቀላት የለም። ያኔ ገባት።

አባቷ ከሞተ ቆይቷል። "ሰው አገር ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብለን ነው የደበቅንሽ" አሏት። የአገሩ ልማድ ነው፤ እሷም ስንቱ ላይ ሲደረግ አይታለች። ዋጠችው። አለቀሰች።

ለቅሶው ሳያልቅ ውሃ ልትቀዳ ጓሮ ወጣች። ሀምዱ ለጎረቤቷ ለዝናሽ ስታወራ ሰማቻት።

"ዛሬ ደረቷን ትደቃለች! ያን ቀን እኛ አባቷን ስንቀብር እሷ ፓስታዋን ጎርሳ ትስቅ አልነበር? ፎቶውን እኮ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ነው ያየነው።"

"ኧረ ተይ እቴ፣ ምን አውቃ?" አለች ዝናሽ።

"ልቧ አይነግራትም? የሰው አገር ቅቤ ልብ ይደፍናል።"

ሀዲያ ጆጉን አስቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ፎቶውን ፈለገች። ያው የነገሯት ጁምዓ ነው፣ አባቷ የተቀበረበት። "አባየም አይቶ ሳቀ" የሚለው የተጻፈው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። ጀብሪልን በር ላይ አገኘችው።

"አባየ አይቶ ሳቀ አልከኝ።"

"እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው።"

"በየትኛው ዓይኑ አየ? በየትኛው ጥርሱ ሳቀ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! እኔን ሲያሙኝ አንተ ትሰማ የለ? ፎቶዬን ማን አዞረው?"

"አዝኜልሽ ነው፣ ወላሂ! ምስኪን አታውቅም ብዬ ነው ያሳየኋቸው።"

"መሞቱን ደብቁ፣ እሺ። ሳቀ ማለትን ምን አመጣው? በየጁምዓው ለሬሳ ፎቶ ስታስልከኝ ኖርክ! የአባየ ሰደቃ ቀን ውሸትህን ለሰው ሁሉ ትናገራለህ።"

"ሸኹ ፊት? አብደሻል እንዴ?"

"አዎ አብጃለሁ" አለችው።

የሰደቃው ቀን አባቷ ቤት በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ሀዲያ ግን ከማለዳ ጀምራ በራሷ ምድጃ ላይ ነበረች። ፊደሊኒውን ከሱቅ አመጣች፣ ሰባብራ በዘይት እስኪቀላ አመሰችው፣ ቀቀለችው፣ አጠለለችው። ሀጃ የሚጨምሩት ቢጫ ቅመም ስለሌለ እርድ ጣል አደረገች። ስኳር፣ ሄል፣ ላዩ ላይ እንቁላል። እናቷ በሩ ላይ ቆማ "ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?" አለቻት።

"ያለውን ብሎ ጨርሷል እማየ።"

ሳህኑን ይዛ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ገባች። ጀብሪል ፊት አስቀመጠችው።

"ብላ ወንድሜ። አባየም አይቶ ይስቃል።"

ሸኹ "ምን ማለትሽ ነው ልጄ?" አሏት።

"እሱን ይጠይቁልኝ።"

ጀብሪል ሳህኑን አየ፣ ሸኹን አየ። መጋረጃው ጋ ሀምዱና ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገዋል።

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "የቀበርነው ቀን አባየ ፎቶዋን አይቶ ሳቀ ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም። ስትታማም ዝም አልኩ።"

ሸኹ "አስተግፊሩላህ" ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። "አውፍ በይው፣ ይቅር በይው፣ ወንድምሽ ነው" አለ አንድ ሽማግሌ። ሀምዱ ከመጋረጃው ወደ ኋላ አለች።

ጀብሪል ተነስቶ "አውፍ በዪኝ" አላት።

"ዛሬ አልልህም" አለችው። "ነገም እንጃ።"

ሳህኑን ከፊቱ አነሳችና ሴቶቹ ጋ ሄዳ፣ ከሀምዱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዓይኗን ከአክስቷ ላይ ሳትነቅል በትልቁ ጎረሰች። ስኳሩ በዝቷል። እርዱም እንደ ሀጃ ቅመም አይሆንም። ቢሆንም ይጣፍጣል፣ እሷም ርቧታል። እናቷ አጠገቧ ቁጭ አለችና ሳትጠየቅ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች።