ሦስት ጭረት ያለበት የዋንዛ ዓሣ

ፎቶው ላይ ፊቴ የለም። የሚታየው ሁለት እጅ፣ አንዲት ትልቅ ነጭ ዓሣና ከአፏ ጥግ የተንጠለጠለ ከእንጨት የተጠረበ ትንሽ ዓሣ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፊቴን የቆረጥሁት በትሕትና መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ቤት አልቀመጥም፤ የማጥመጃ ዘንጌን ይዤ በወረታ መንገድ እሄድና የጉማራ ወንዝ ጣና ወደሚገባበት አፍ እወርዳለሁ። ሽማግሌውን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በታንኳ ሆነው መረብ ሲጥሉ የኖሩ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ደግሞ የአጥማጆቹ ማኅበር የወንዙን አፍ ጠባቂ ያደረጋቸው ሰው ናቸው። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሏን ልትጥል ከሐይቁ ወደ ወንዙ ትወጣለች። ያን ጊዜ በዚያ አፍ መረብም መንጠቆም አይጣልም፤ አጥማጆቹ የተማማሉበት ነገር ነው። በዚያ ወቅት ጮክ ብዬ ካወራሁ እንኳ ሽማግሌው ይቆጡኝ ነበር፤ «አራስ ቤት ነው፤ ድምፅህን ቀንስ» ይሉኛል።

በመጋቢት ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ ዓሣ የማታልልበት ባለመንጠቆ የፕላስቲክ ዓሣ ድንጋይ ሥር ተይዞ ተበጥሶ ቀረ። ሽማግሌው ኩርፊያዬን አይተው ሲስቁ ቆዩና ቢላቸውን አወጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዋንዛ እንጨት ሌላ ጠርበው ሠሩልኝ። ጀርባውን በከሰል አጠቆሩት፤ ሆዱ ውስጥ ከመረብ ማስጠሚያ የወሰዱትን እርሳስ ቀበሩ፤ ጎኑ ላይ ሦስት ጭረት ጫሩበት። ክሩን ጎተት፣ ቆም፣ ጎተት፣ ቆም ሲያደርጉት ጎኑን እያሳየ ይንገዳገዳል።

«የታመመ ሲመስላት ነው የምትመጣ» አሉኝ። «የምትነክሰውም ስትጎትት አይደለም፤ ስታቆምላት ነው።»

ሦስቱ ጭረት የእሳቸው ምልክት ነው። መቅዘፊያቸው ላይም አለ። በዚያ ዳርቻ የማያውቀው የለም፤ እኔም አውቅ ነበር።

በነሐሴ አንድ ዓርብ ደወሉልኝ። አንበሳሜ ከተማ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ መድረስ አለባቸው። «ነገ አፉን እይልኝ፤ ሰው ከመጣ ጠባቂ አለ በለው» አሉኝ። «ይሂዱ አባባ፣ እኔ አለሁ» አልኋቸው። ዘንጌን ከልማድ ነው የያዝሁት እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው። ጠዋት የዋንዛውን ዓሣ ደረት ኪሴ ውስጥ ስከተው እያወቅሁ ነው።

ደፍራሹ የወንዝ ውሃ ከሐይቁ ውሃ በሚገናኝበት መስመር ላይ የዓሣ ጀርባ ብቅ ጥልቅ ይላል። ትልልቅ ጀርባ። ይዤ እለቃለሁ፣ ማን ይጎዳል አልሁ። ወረወርሁ። ጎተት፣ ቆም። ጎተት፣ ቆም። ሦስተኛው ላይ ሳቆም አንዷ ነክሳ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አናወጠችው። ደስታዬን አልክድም፤ ብቻዬን ጮህሁ።

ስልኬን በራሱ እንዲያነሣ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ዓሣዋን ከፍ ሳደርጋት ዕንቁላሏ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ቢጫ ነው፤ የማሽላ ፍሬ ያህላል። ስልኬ ፎቶውን እስኪያነሣ ግን አላወረድኋትም። ከዚያ መንጠቆውን ነቅዬ ወደ ውሃው መለስኋት። በጎኗ ተኛች። ጅራቷን ይዤ ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቀስኋት፤ ሆዷ ወደ ላይ ዞረ፤ ወንዙም ወደ ሐይቁ ገፍቶ ወሰዳት። ሱሪዬን አጥቤ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ከለቅሶ ሲመለሱ «ሰላም ዋልህ?» አሉኝ። «ሰላም ነው» አልኋቸው።

ያን ፎቶ ማጥፋት ነበረብኝ። በነጋታው ፊቴን ቆርጬ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁት። ለምን ብትሉኝ፣ ትልቅ ነበረች። ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ፤ ሦስቱን ጭረት አዩ። ሽማግሌውን ጠርተው የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቋቸው። «የኔ ነው» አሉ። ለማን እንደሰጡት ሲጠየቁ ግን ስሜን አልጠሩም። ማኅበሩም ጥበቃውን ነጥቆ ለሌላ ሰው ሰጠው።

ይህን የነገረኝ ከማኅበሩ አባላት አንዱ ነው፤ ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ፎቶው ላይ ያለው እጅ የኔ መሆኑን ሳያውቅ። «እኒያ ሰው ጨዋ ይመስሉን ነበር እኮ» አለኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

እስከ ጥቅምት ወደዚያ ዝር አላልሁም። በመጨረሻ እፍረቱ እንቅልፍ ሲነሣኝ ሄድሁ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ሁሉንም ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እጅህን አውቄዋለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ጥበቃውስ ይቅር፤ እኔም ደክሞኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሳትወልድ ነው የያዝሃት?»

«አዎ አባባ።»

«ለቀቅሃት?»

«ለቀቅኋት።»

መርፌያቸው መረቡ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወደ ላይ ወጣች? ወደ ወንዙ?»

እውነቱን ልናገር ነበር የመጣሁት። ዓይናቸውን ሳይ አልቻልሁም።

«ወጣች» አልሁ።

«ተመስገን» አሉ። ትከሻቸው ላላ። «እንግዲያ ምንም አልሆነ፤ እኔ እኮ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።» ከዚያ ፈቀቅ ብለው ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። «ና፣ ምን ቆመሃል፤ ተቀመጥ የኔ ልጅ።»

ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥሁ።