ሞጣ ላይ የተገፋው አውቶቡስ

በደርግ ዘመን አንድ አሮጌ የናፍጣ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ ተቃጥሎ፣ ማሠሪያው የሁለት በሬ ዋጋ ስለሆነብኝ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ነበር የማቆመው። አንድ ቀን ለስብሰባ የተጠሩ የቢቸና ገበሬዎችን ሞጣ ሳደርስ መድረኩ ፊት ለፊት፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ መጥቶ፣ «አሁኑኑ አንሣው፤ ያለዚያ ይወረሳል» አለኝ።

«ጓድ፣ ካልተገፋ አይነሣም» አልኩት።

ወደ ገበሬዎቹ ዞሮ፣ «ሁላችሁም ግፉ» ብሎ አዘዘ።

ጋቢያቸውን አሸርጠው ገፉ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ሲያገሣ፣ እኔም በደስታ ጮህኩ። ቀስ እያልኩ ስነዳ ከኋላዬ ግርግር ሰማሁ። ዞር ብል ገፊው ሁሉ ተሳፍሯል።

«አባቶቼ፣ ስብሰባውስ?» አልኳቸው።

አንድ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ እየተደላደሉ፣ «ልጄ፣ ከቆመ ማን ይገፋልሃል? ወደ ቢቸና ንዳው» አሉኝ።