ከመርፌው በፊት ንስሐ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ከገሳይ በሚኒባስ መጥተው ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ ጨበጡኝ... ክው አልኩ።

የአባቴን አጨባበጥ የቀመሰ ያውቀዋል። ሰባውን አልፈዋል፣ ግን ሰላምታቸው ያስጮሃል። ባሌ እስከ ዛሬ እጁን የሚሰጣቸው እየተሳቀቀ ነው። ማክሰኞ ዕለት ግን እጃቸው እጄ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል።

«አባባ፣ ምን ሆነዋል?»

«ምንም አልሆንሁ። የወፍ ናት። ሥር እየጠጣሁላት ነው፣ ትለቀኛለች።»

የወፍ የምንለው ያው ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን በሽታ ነው። በኛ አገር ደግሞ የወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከነካው አያድርም ይባላል። ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዋሸኋቸው... «ደም ግፊት ብቻ ነው የሚለኩዎት» ብዬ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ ዓይናቸውን አየችና፣ «አባባ፣ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበሩ ይነሱልኝ» አለቻቸው።

አባቴ ሳቁ። «ይኼም ሕክምና ሁኖ!»

ሊነሱ ሞከሩ... አልተነሱም። ደገሙ። በሦስተኛው ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና ተመልሰው ዘፍ አሉ። ዘወር ብለው አዩኝ። አባቴ አፍረው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፣ ክንዳቸውን ይዤ ደገፍኳቸው።

ሲስተሯ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ሥሩን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

ጠየቅኳቸው... ሁለት ወር። ሥሩን የሰጠቻቸው የአገር ባለ መድኃኒት ደግሞ እንቁላልም ወተትም ከልክላቸው ኖሯል።

«ጉበታቸው ሳይጎዳ አልቀረም። በዚህ ዕድሜ ጉበት ሲጎዳ ጡንቻም አብሮ ያልቃል። አሁኑኑ ለምርመራ ደም ይስጡ።»

ደም የምትለዋን ሲሰሙ አባቴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ልትገድይኝ ነው ያመጣሽኝ?»

ወረፋ የያዘ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሳይጠየቅ፣ «እውነታቸውን ነው! የወፍ መርፌ አትወድም» ብሎ ቤንዚን ጨመረበት። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ መጨረሻ ላይ እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።

ለቅሶዬን አልቻሉትም። «በይ እሽ። ግን ሳልናዘዝ አልሞትም። ቄሱን ጥሪልኝ።»

ቄሱ የንስሐ አባታችን ናቸው፣ እዚያው ገሳይ ነው የሚኖሩት። ደወልኩላቸው። እስኪመጡ አባቴ አግዳሚው ላይ ሆነው ይናዘዙልኝ ጀመር... ቀዩ በሬ ለታናሽ ወንድሜ፣ የወንዝ ዳሩ መሬት ለእናቴ። ሲስተሯ ሁለት ጊዜ ወጥታ፣ «ላብራቶሪው ለምሳ ሊዘጋ ነው» አለችኝ። እውነቱን ልናገር አይደል? እኔም ፈራሁ። አስተማሪ ነኝ፣ ይኼ ሁሉ ከንቱ እምነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሆዴ «ቢሞቱስ?» አለኝ። ቢሞቱ አገሩ ሁሉ አባቷን ያስወጋች እንደሚለኝ አውቀዋለሁ።

ቄሱ መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡና እኔ ራቅ አልኩ። ሲጨርሱ አባቴ በእጃቸው ጠሩኝ። ቄሱ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«አያ ታከለ... ሥሩን ከማን ወሰድህ?»

«ከባለ መድኃኒቷ ነዋ! አምና እርስዎን ካዳነችዎ ሴት።»

ቄሱ በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ።

«እኔን ያዳነችኝ እሷ አይደለችም። አምና ባሕር ዳር ዘመድ ልጠይቅ ብዬ የሄድሁት ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው። ደሜንም ቀድተው መርምረውኛል፣ መርፌም ወግተውኛል። ስመለስ ሰዉ ሁሉ ሥሩ አዳነው ሲል... ዝም አልሁ። እኔው ራሴ መርፌ አትንኩ እያልሁ ስመክር ኑሬ፣ በምን አፌ?»

«አባ! አባቴ እኮ እርስዎን አይተው ነው ሁለት ወር ሙሉ የጠጡት!» ብዬ ጮህኩ። ቄስ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው፣ አልተጸጸትኩም።

አባቴ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ፣ ላብራቶሪ ገቡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ሳይጨርሱት ደሙ ተቀዳ። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«አለሁ?»

«አሉ፣ አባባ» አለች ሲስተሯ።

ሲወጡ ቄሱ በር ላይ ቆመዋል። አባቴ እጃቸውን ይዘው፣ «አባ፣ እስከ ዛሬ እርስዎ ለኃጢአቴ ቀኖና ሲሰጡኝ ኑረዋል። ዛሬ እኔ ልስጥዎት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ለኔ የነገሩኝን ለሁሉም ይንገሩ» አሏቸው።

ቄሱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውጤቱ ከሰዓት መጣ። ጉበታቸው ተጎድቷል፣ ግን አልረፈደም። ሥሩን እንዲተዉ፣ እንቁላልና ምስር እንዲበሉ፣ ጠዋትና ማታ ከወንበር አሥር አሥር ጊዜ እንዲነሱ ታዘዙ፣ ለክትትልም ተቀጠሩ። አንገቴን ቀና አድርጌ የተነፈስኩት ያኔ ነው።

እሑድ አብሬያቸው ገሳይ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ ቃላቸውን አላጠፉም። ሕዝቡ ፊት ቆመው ባሕር ዳሩን፣ መርፌውን፣ ዝምታውን፣ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አባቴ ደስ ብሏቸው «ጎሽ!» ሊሉ ነበር...

ከሴቶቹ በኩል ጥቁር የለበሰች ሴትዮ ብድግ አለች። ባሏ ዘንድሮ በዳግማዊ ትንሣኤ ሰሞን በዚሁ የወፍ በሽታ ቤቱ ተኝቶ ነው የሞተው።

«ሐኪም ቤት ልውሰደው ብዬ ጠይቄዎት መርፌ ይገድለዋል ያሉኝ ጊዜ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ድነው ነበራ?»

ለዚህኛው ኃጢአት ቀኖና የሚሰጥ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም።