ዱቄት ውስጥ የወደቀው የቴምር ፍሬ

ባለፈው ዓርብ ዱቄት እየነፋሁ ሳለ ልጄ ቤዛዊት ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አቡ ዳቢ ተወልዳ አቡ ዳቢ ያደገች፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምታወራ። የትምህርት ቤት ጥያቄ ሲኖራት የምትሄደው ወደ አባቷ ነው። የዚያን ቀን ግን እሱ ከሥራ ገብቶ ተኝቷል። «ማሚ፣ በምድር ላይ ያለው ሕይወት እንዴት ሊያልቅ ይችላል? ሦስት ቲዎሪ ጻፉ ተብለናል» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ፣ «ኖ፣ ተዪው፣ አንቺ አታውቂውም» ብላ ልትወጣ ዞረች።

እውነቱን ልናገር፣ ከነከነኝ። ጠረጴዛው ላይ ቴምር ነበር። አንዱን በላሁና ፍሬውን ከአናቴ በላይ ከፍ አድርጌ ዱቄቱ መሃል ለቀቅኩት። ዱቄቱ ቡን ብሎ ተነሣ። «ይኸውልሽ አንደኛው» አልኳት። ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ ይመጣል፤ የሚፈጀን ግን ድንጋዩ ብቻ አይደለም፣ አቧራው ነው። አቧራው ፀሐይን ይጋርዳል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ሣሩን የሚበላው ይሞታል፣ እሱን የሚበላውም ይከተላል። ቤዛ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች። እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«ማሚ፣ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

«መጀመሪያ ጻፊ» አልኳት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱ ውስጥ ቤቴ ውስጥ አንድም ቀን ያልጠራሁት ስም ስላለ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አል ዓይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ የሚባል ሰፈር፣ ግቢው ዙሪያውን ቴምር የተተከለበት ቤት ውስጥ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የቤት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ማዳም እርጉዝ ነበረች። ሜራ ስትወለድ ከእናቷ ቀጥላ ያቀፈቻት እኔ ነኝ። ጥርሷን ያወጣችው እጄ ላይ፣ የተራመደችው ወደ እኔ። ማዳም ሥራዋ አቡ ዳቢ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያ ከርማ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ ባሏ ባባም ከአገር አገር የሚዞር ሰው ነው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት የባባ እናት ናቸው፤ ትልቋ ማዳም እንላቸዋለን። ልጅቷ ግን የእኔ ነበረች። እንዲህ ማለት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ደሞዝተኛ የሰውን ልጅ የእኔ አይልም። ግን ሜራ አፏን የፈታችው «ነይ» ብላ ነው፣ በአማርኛ፣ ለእኔ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይለኛል?

ሰባት ዓመት ሲሞላት አንድ አመል አመጣች፤ ለምን፣ ለምን፣ ለምን። ፀሐይ ለምን አትወድቅም? ከሰማይ በላይ ምን አለ? እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» እላታለሁ፤ ስትነዘንዘኝ ደግሞ «ኸላስ፣ በቃ ተኚ»። ለሰባት ዓመት ልጅ ይሄ በቂ መልስ ይመስለኝ ነበር።

ዘይነባ የመጣችው የዚያን ዓመት በሙቀቱ ወራት ነው፣ ቴምሩ ቢጫ ሆኖ መንዠርገግ ሲጀምር። የወሎ ልጅ፣ ከሐይቅ፣ ሃያ ዓመቷ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ለጥቂት ነው ያመለጣት። የመጣችው ለማብሰልና ለመተኮስ ነው፤ ሐሳቧ ግን ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ተመልሳ ኮሌጅ ገብታ፣ የሳይንስ አስተማሪ መሆን ነበር። ይሄን በገባች በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየላጠች ነገረችኝ፣ ሌላ የምትመኘው ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ሁሉ። ደግ ልጅ ነበረች። ፍልሰታ ሲገባ እኔ ሳልጠይቃት ምስሬን ለብቻ ድስት ትሠራልኝ ነበር፤ ማንኪያውን እንኳ ከሥጋ ድስት አታነካካውም። ስሜን አቆላምጣ አስኩዬ ትለኛለች። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ!

ሜራ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ «ሁላችንም አንድ ላይ ልንሞት እንችላለን?» ብላ ጠየቀቻት። ዘይነባ አልደነገጠችም፣ አልገሠጸቻትም። እጇን ጠረገችና ቴምር በላች። ፍሬውን ዱቄት ላይ የጣለችው ያኔ ነው። ሌላ ቀን ወተት አፍልታ ሲገነፍል እያሳየቻት፣ ምድርም ሆዷ ውስጥ እሳት አለ፣ በየቦታው አንዴ ቢገነፍል ጭሱ ዓለሙን ያፍናል አለቻት። የፀሐይን ነገር ደግሞ ሉቀይማት በሚሉት የአረብ ጣፋጭ፤ ትንሿ ሊጥ ዘይት ውስጥ ገብታ ስታብጥ፣ «ፀሐይም እንዲህ አብጣ ምድርን የምትበላበት ቀን አለ፤ አብሽሪ፣ ከአምስት ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነው፣ ያንቺ ሠርግ ይቀድማል» አለቻት። ሜራ ከት ብላ ሳቀች። ዘይነባ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ፣ ይሄ የመጽሐፍ ግምት ነው፣ ቀኑን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው ትላት ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አረብኛዋ ገና ቅጥ አልነበረውም። ታዲያ በምን ተግባቡ? በአማርኛ! እኔ ለሜራ አምጬ ባስተማርኳት አማርኛ ነው ልጄን የወሰደችብኝ። ሰው ቅናት ሲባል የባልና ሚስት ብቻ ይመስለዋል። እኔ በባሌ እንኳ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ማታ ሳጥባት «ዘይነባ ትምጣ» ስትለኝ እንዳልሰማ ሆኜ ውሃውን እከፍታለሁ። ጀበል ሐፊት ተራራ የወጣንበት ቀን ደግሞ ባሰብኝ። ሲመሻሽ፣ ንፋሱ ሲሻል፣ ሹፌሩ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወስዶን ነበር። ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ በአይብ ይዘናል። ዘይነባ ከመንገዱ ዳር የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው ድንጋይ አንስታ፣ ይሄ ተራራ ድሮ ባሕር ነበር፣ ይሄም ነፍስ ነበረው፣ አሁን ዘሩ የለም አለቻት። ሜራ ድንጋዩን ጨብጣ ዘይነባ ጭን ላይ ተኛች። ሰባት ዓመት የእሷ የነበረው ጭኔ ባዶውን ቀርቶ፣ የሻይ ብርጭቆ ይዤበት ተመለስኩ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ሳምንት አላለፈም። ከአሥር ሰዓት ጸሎት በኋላ የትልቋን ማዳም እግር እያሸሁ፣ ወሬ ሳይጠይቁኝ ወሬ አመጣሁ። ዘይነባ ለሜራ ዓለም የሚጠፋበትን ጊዜ ትነግራታለች አልኩ። የመጨረሻዋን ነገር፣ ቀኑን የሚያውቀው አላህ ነው የምትለውን፣ አልጨመርኩም። ትልቋ ማዳም እግራቸውን ከእጄ ሳብ አደረጉ። ያችን የዓለም መጨረሻ ሰዓት አውቃለሁ የሚል ሰው በእሳቸው ዘንድ ወይ ከሃዲ ነው ወይ ጠንቋይ። ያን ጊዜ ደግሞ የእገሌ ቤት ሠራተኛ ሲህር፣ ድግምት፣ አሠራች የሚል ወሬ ከቤት ቤት ይዞር ነበር፤ የፀጉር ቋጠሮ ተገኘ፣ የተጻፈ ወረቀት ተገኘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል እንኳ አልችልም ነበር። ለነገሩ አልሞከርኩም።

በማግስቱ የሜራ ትራስ ሥር ወረቀት ተገኘ። አራት ቦታ ታጥፎ በላስቲክ ታስሯል። ትልቋ ማዳም ሳሎን ተቀምጠው በሁለት ጣት ይዘውታል። ከላስቲኩ በላይ ያለውን እጥፋት ገለጥ ሲያደርጉት ክብ ውስጥ ክብ፣ ክብ ውስጥ ክብ፣ በየክቡ ላይ የእኛ ፊደል። ዘይነባ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ትምህርት ነው፣ ፀሐይ ነች፣ ምድር ነች አለች፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ። ሜራ እያለቀሰች «ሚስጥር ነው፣ አትዩት!» ትላለች፤ እሱ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አበላሸው። ትልቋ ማዳም ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ፣ ሰባት ዓመት አውቅሻለሁ፣ የአገርሽ ጽሑፍ ነው፣ ምን ይላል ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ።

ላይኛውን እጥፋት አየሁ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ፀሐይ» ይላል፣ ከሥሩ «ምድር»፣ «ጨረቃ»። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ትምህርት ነው ማለት።

«አስኩዬ፣ አንብቢላቸው እንጂ» አለችኝ ዘይነባ። ፈርታ እንኳ አልነበረም። እኔ እያለሁ ምን ያስፈራታል?

«አይነበብም» አልኩ። «እንዲህ ያለ ጽሑፍ አላውቅም።»

ትልቋ ማዳም እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፤ ዘይነባ ሽርጧን ፈታች። ትንሽ አየችኝና ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ሄደች። የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰች ያመጣት ቢሮ መልሶ ሊወስዳት ግዴታው ነበር፤ ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ ይዟት ሄደ። ስትወጣ ወጥ ቤት ምድጃው ላይ ምስሬ እየፈላ ነበር።

ትልቋ ማዳም ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክረሽ አጥፊው ብለውኝ ነበር። የሚፈራ ጽሑፍ የሚጠፋው እንደዚያ ነው። ሳህን በውሃ ሞልቼ፣ ላስቲኩን ፈትቼ፣ እስከ ታች ዘረጋሁት። ታችኛው እጥፋት ላይ መርከብ ተሥሏል። ምድር ስታልቅ የምንሄድባት ይላል በዘይነባ እጅ። መርከቧ ላይ የሰው ሥዕል ተደርድሯል፣ የየሰዉም ስም ከላይ ተጽፏል፤ ስሙን የጻፈችው ግን ሜራ ናት። ዘይነባ ፊደል እያስቆጠረቻት ኖሯል፣ ለኔ ሚስጥር አድርገው። መጀመሪያ ላይ፣ ከእናቷም ከአባቷም ቀድሞ፣ «ካ»ዋ ወደ ኋላ የዞረች፣ «ለ»ዋ የተንጋደደች፣ «አስካለ» ይላል። ዘይነባ የተጻፈችው መጨረሻ ነው፣ ቦታ ጠቧት ጥግ ላይ።

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ወሸቅኩት። ወደ በሩ ሮጥኩ፤ መኪናው ከሄደ ቆይቷል። ትልቋ ማዳም ጋ ሄጄ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ፈራሁ። ሐሙስ ማዳም ስትመጣ ነው የነገርኳት፤ እሱንም በግማሹ። ደህና አድርጌ ሳየው ትምህርት ነው አልኳት እንጂ መጀመሪያውኑ አንብቤው ነበር አላልኩም። ማዳም አማቷን ምንም ሳትላቸው ወደ ቢሮው ደወለች። ዘይነባ በዋዜማው ወደ አገር ቤት ተሳፍራ ነበር። ማዳም ስልኩን ዘግታ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሣችም።

ሜራ ተመለሰችልኝ። ጭኔ ላይ ተኛች፣ በእጄ በላች፣ ማንንም ትምጣ አላለችኝም። የፈለግኩትን አገኘሁ። ግን ልጅቷ ለምን ማለት ተወች። ለአንድ ቀን አይደለም፣ ለሁለት ቀን አይደለም፤ በቃ ተወች። አግብቼ አቡ ዳቢ ስመጣ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አንዲትም ለምን አልሰማሁም። እኔው ራሴ አንዳንዴ ቴምር እየበላሁ ፍሬውን ዱቄት ላይ ጥዬ እንድትጠይቀኝ እጠብቃለሁ። ዝም ብላ ታየዋለች።

የሐይቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። እዚህ ሱቅ የሚሠሩ የወሎ ልጆች፣ ሐይቅ ውስጥ ዘይነባ ስንት አለች መሰለሽ እያሉ ይስቁብኛል። ኮሌጅ ገብታ ይሆን? ወይስ ሌላ አገር ሌላ ቤት ስትተኩስ ኖራ ይሆን? ወረቀቱ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ድንጋይ ይመጣል፣ ፀሐይ ታብጣለች፣ እሳት ይገነፍላል፤ ሦስቱንም አውቃለሁ። የአንድ ሰው ዓለም ግን በአንድ ቃል እንደሚያልቅ ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

ቤዛ ወተቱንም ሉቀይማቱንም ካስረዳኋት በኋላ ሙሉ ገጽ ጻፈች። ቀና ብላ በኩራት ታየኛለች። ያ አስተያየት፣ ምን ልበላችሁ፣ ይጣፍጣል። ዘይነባን ሜራ ሁልጊዜ እንዲያ ስታያት ኖራለች። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ቀናሁባት።

«ማሚ፣ ምንጭ ጻፉ ተብለናል» አለችኝ። «ካንቺ ብዬ ልጻፍ?»

አዎ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዘይነባ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ዘይነባ፣ ከሐይቅ።»

«ቲቸር ናት?»

«ልትሆን ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

ቤዛ እርሳሷን አስቀመጠች። ዱቄቱንና መሃሉ የወደቀውን ፍሬ አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ለምን?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ያውቃል ልላት እችል ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ቀንቼ» አልኳት።